የጊቤ የታችኛው ስም

ውኃን ከውኃ በለየ፣ ለእያንዳንዱም ወንዝ መሄጃውን ባዘጋጀ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም፤ አሜን።

ለምወድሽ እኅቴ ለጠጅቱ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ክረምት ሲጠና ይብስብሽ ነበርና ቅዝቃዜውን እንዴት ቻልሽው? ዓይንሽስ? ዲንቄ የምታደርግልሽን ጠብታ አልተውሽም? ከብቱ፣ እንሰቱ፣ የቤቱ ክዳን ሁሉም እንደምን ከረመ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ልጄ ኢያኤልና ባለቤቷ ሔኖክም ደኅና ናቸው።

ልጄ ዲንቄ፣ ይህን ለእናትሽ ስታነቢላት ተቀምጣ ትስማሽ፤ አንቺም አትቸኩዪ። ከሁሉ አስቀድሜ እንዲህ እላለሁ፦ ይህ መርዶ አይደለም። ወንድምሽ በሱፍቃድ በሕይወት አለ፤ ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን በልባችሁ አኑራችሁ የቀረውን ስሙ።

እኅቴ ሆይ፣ ከእሑድ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ከፎቁ ወርጄ የኮንዶሚኒየሙን ግቢ እዞራለሁ፤ ተመልሼ እወጣለሁ። የጸሎት መጽሐፌን እገልጣለሁ፤ ዓይኔ ከፊደሉ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ዝናቡ ይሄድብኛል። ኢያኤል ትናንት «አባዬ፣ ደረጃውን ጨረሱት እኮ! ወይ ይቀመጡ፣ ወይ ከዘበኛው ጋር ተራ ይግቡ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ተቀምጬ ግን አልቆየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ ቅዳሴ ወጥቼ በልደታ ማርያም ቅጽር አጠገብ ቆሜ ሳለሁ በሱፍቃድ ደወለ። ነፋሱና የሞተር ጩኸት ቃሉን ይቆራርጡታል። «የኔታ፣ ለመስቀል አልደርስም፤ ለእማዬ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለኝ። እኔም ቆጣ ብዬ፣ ጊቤ ከቤታችን የአንድ ቀን መንገድ ሆኖ ሳለ ምን ይዞት እንደሚቀር ጠየቅሁት። እርሱም «የኔታ፣ እኔ ያለሁት የጊቤ መጨረሻ ላይ ነው፤ እዚህ ኦሞ ይሉታል» አለኝ።

አንቺ ባለፈው ስትደውዪልኝ ኦሞ ሞልቶ ሰውና ከብት እንደከበበ በሬዲዮ መስማትሽን ነግረሽኝ ነበር። ከማኅበርተኞችሽ ልብስ አሰባስበሽ እንደላክሽም ነገርሽኝ። በመጨረሻም «ተመስገን፣ የኔው ልጅ ያለው ጊቤ ነው» አልሽ። እኔም «ተመስገን» ብዬ መለስሁልሽ። በቅዳሴው ስለ ወንዞች ሲጸለይ የኦሞን ሰዎች አስቤ፣ ለባዕድ እንደሚጸለይ ጸለይሁ። ለገዛ ልጃችን እየጸለይሁ እንደሆነ አላወቅሁም።

ልጁን ዋሸኝ ብለሽ አትዘኚበት። ሲሄድ «በኛው ውኃ ዳር ነው የምሠራው» ነበር ያለሽ፤ እውነቱን ነው። እንዳትጨነቂ የላይኛውን ስም ነግሮሽ የታችኛውን ዝም አለ እንጂ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ኤፌሶን፣ ግዮን፣ ጤግሮስ፣ ኤፍራጥስ እያልሁ አራቱን የገነት አፍላጋት ስቆጥርና ሳስቆጥር ኖሬአለሁ። እናታችን እንስራዋን የሞላችበት ውኃ የት እንደሚደርስ ግን ጠይቄ አላውቅም። አሁን ልቤ እንቢ ቢለኝ የጂኦግራፊ መምህሩን ሔኖክን ጠየቅሁት፤ ካርታውን በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ዋቤ የሚለው የወንዛችን ስም፣ በኦሮሞውና በሶማሌው ዘንድ ወንዝን ዋቢ ከሚሉት ጋር ሳይዛመድ አይቀርም ይላል፤ ዋቢ ሸበሌንም የነብር ወንዝ ብለው የሚፈቱት አሉ። እንዲህ ከሆነ አባቶቻችን በፊታቸው ካለው በቀር ሌላ ስላላዩ ወንዛቸውን «ወንዝ» ብለው ጠርተውት ይሆናል። እኔም ይህን ስሰማ ፈገግ አልሁ፤ ሌላ ያላየ ሰው ስም ለማውጣት አይቸገርም።

ዋቤ ወርዶ ጊቤ ይገባል። ጊቤም ከምዕራብ የሚመጣውን ጎጀብን ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ኦሞ ነው። በታች የተሠራውን ግድብ እንኳ በላይኛው ስም ጊቤ ብለውታልና እኛ ብንሳሳት ምን ይገርማል? ገናሌም እንዲሁ ከዳዋ ጋር ሲገናኝ ስሙን ትቶ ጁባ ይባላል። ሰው ወንዝን በደጁ በሚያልፍበት ስም ይጠራዋል፤ ወንዙ ግን ስሙ አለቀ ብሎ አይቆምም። ኦሞ እስከ ውቅያኖስ አይደርስም፤ ቱርካና ከሚባል ሐይቅ ገብቶ በዚያው ይቀራል። ሔኖክ ጣቱን በሐይቁ አፍ ላይ አሳረፈ። ልጅሽ ያለው ከዚያ ነው።

በኦሞራቴ በኩል የእርሻ ውኃ መሳቢያ ሞተሮች ይጠግን ነበር። ወንዙ ከዳርቻው ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት የሞተር ጀልባ አግኝተው አሮጊቶችን፣ ሕፃናትን፣ ጥጆችንም ሳይቀር ወደ ደረቅ መሬት እያወጡ ነው። «ሞተሯ አሮጌ ናት፤ ከእኔ እጅ በቀር አትነሣም። እንደ አህያ ናት የኔታ፣ ጌታዋን ታውቃለች» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎም «ትቻቸው ብመጣ ማን ያሻግራቸዋል? እማዬ ሰንጋውን ለኔ ብላ እንዳታቆይ። ምርቃቷን ብቻ ትላክልኝ» አለኝ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ በደወልሁ ቁጥር «ማግኘት አልቻልንም» የምትለው ሴት ብቻ ናት የምትመልስልኝ።

ለምን በስልክ አልነገርኸኝም ትዪኝ ይሆናል። በስልክ ቢሆን ኦሞ የሚለው ቃል ቀድሞ ይደርስና የቀረውን ሳትሰሚ ትወድቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።

እኔስ ምን ልበለው? ና ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ስለ ባልንጀራ ፍቅር ስንት ዘመን ሳስተምር ኖሬ፣ የገዛ ልጃችን ሲፈጽመው ተው ልለው? ቆይ ልለውም አልደፈርሁም፤ ያማጥሽው አንቺ ነሽ። ምርቃቱም ተግሣጹም የእናት ነው። ግቢውን ስዞር የሰነበትሁት በዚህ ነው፤ ምርቃትሽን ተቀብዬ በምን ላድርስለት?

ዝናቡ ደግሞ በረታ። እናታችን ክረምት ዋቤ ሲሞላ ዳር ላይ ቆማ፣ ማዶ የቀሩትን ዘመዶች አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራች ስትመርቅ ትዝ ይልሻል? እኔ ከጉባኤ ቤት የተመለስሁ ሰሞን «ውኃ ጆሮ የለውም» ብዬ ሞገትኋት። እርሷም «ጆሮ ባይኖረው እግር አለው» ብላ አሳፈረችኝ፤ አንቺም በኋላዋ ሆነሽ በነጠላሽ አፍሽን ይዘሽ ሳቅሽ።

የፊታችን ሰኞ ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው። ሰማይ የሚከፈትበት፣ ውኆችም የሚባረኩበት ዕለት እንደሆነ አባቶች አስተምረውናል። እንግዲህ በጠዋት ከዲንቄ ጋር ወደ ዋቤ ውረጂ። ለወንዙ አትስገጂ፤ ቅቤም አታፍስሺበት፤ ፈጣሪውን ለምኚ። ከዚያ እናታችን እንደምታደርገው ልጅሽን በስሙ ጠርተሽ የልብሽን ተናገሪ። ብትመርቂው መርቂው፤ ተመለስ ብትዪውም በዪው፤ እኔ በመካከል አልገባም። በዚያው ሰዓት እኔም እዚህ ከደጅ ወጥቼ እቆማለሁ። ነገር ግን ከእኔ ደጅ የሚወርደው ጎርፍ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ሄዶ በአፋር ምድር ይቀራል። እርሱ ዘንድ የሚደርሰው ያንቺ ውኃ ነው።

ሰንጋውን አታቆዪ፤ ልጅ ቀረ ተብሎ መስቀል አይታለፍም። ጉልበቴ ቢያምም እኔ እመጣለሁ፤ በእርሱ ስፍራ ቆሜ እባርካለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የጠመንጃ ያዥ ሰፈሩ ነጋዴ ሙስጠፋ ነው፤ ነገ ወደ አገር ይነሣል። አሁን ሊወስደው መጥቶ በር ላይ ቆሟል። «የኔታ፣ እስካሁን ምንድን ነው የሚጽፉት?» ቢለኝ «ወንዝ» አልሁት። «እንግዲያ በደንብ ያሽጉት፤ መኪናዬ ውስጥ እንዳይፈስብኝ» አለኝ። ምሳ ሳይበላ እንዳትሸኙት።

ዲንቄን ጉንጯን ሳሚልኝ። ቄስ ኤልያቄምን እጅ ንሺልኝ፤ ከሩፋኤል ቅዳሴ በኋላ በሱፍቃድን በስሙ ጠርተው እንዲያስቡልኝ ንገሪያቸው። ጎረቤትሽን ሀሚዳን እንደምን ነሽ በዪልኝ፤ እርሷም ዱዓ ታድርግለት። ኢያኤልና ሔኖክ እጅ ነሥተውሻል።

እኅቴ ሆይ፣ ባሕርን የከፈለ አምላክ ለዚያች አሮጌ ጀልባ መንገድ ይክፈትላት። ቤትሽ ከሰው፣ ደጅሽ ከእንግዳ አይታጣ። ወንዙ በየአገሩ ስሙ ቢለወጥም፣ ልጅሽን በስሙ የሚያውቀው ጌታ ከውኃው በላይ ያቁመው። አሜን።

ወንድምሽ መሪጌታ ገብረየሱስ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.