ደፍ የሌለው በር

ይድረስ ለማከብርህና ለምሳሳልህ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሳይሻልህ «ድኗል» ትለናለህ? ባለቤትህስ፣ ሳሉ ለቀቃት? መንትዮቹ እንዴት ናቸው? የፊት ጥርሳቸው ወለቀ ብለኸኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለ ወይስ እስካሁን እንደ ሽማግሌ ድዳቸውን እያሳዩ ይስቃሉ? እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። ዓይኔ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ሌላ የምከሰው አካል የለኝም። እማዬም ደህና ናት። ደህና ናት የምልህ እሷ በል ስላለችኝ አይደለም፤ ስኳሯ ወርዷል፣ የቀረችው እግሯም አላበጠችም፣ ምግብም አልተዘጋባትም። ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ወደሱ እመጣለሁ።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሙያዬ ነውና የፊደል ስህተት ፈልጌ አንድም አጣሁበት። የልጅህን የምርቃት ፎቶዎች አንድ በአንድ ቆጥረህ፣ «ከአሥራ አንዱ በአንዱ እንኳ እናቴ የለችም» ብለሃል። በስልክ ስትጠይቃት «የዚያን ዕለት አሞኝ ነበር» እንዳለችህ፣ አንተም እንዳላመንካት ጽፈሃል። ከዚያ ለእኔ፣ «አጠገቧ ሆነህ እናትህን አንድ አዳራሽ ማድረስ አቃተህ?» የምትል መስመር ጨምረሃል። ያቺ መስመር አጥንቴ ድረስ ገባች። የገባችውም እውነት ስላለባት ነው።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ እማዬ አልታመመችም። ለዚያ ቀን አንድ ወር ሙሉ ነው የተዘጋጀችው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ዘንድ አራት ጊዜ ተለክታ፣ ዊልቸሯ ላይ ስትቀመጥ እስከ መሬት የሚወርድና የተቆረጠውን እግሯን የሚሸፍን ቀሚስ አሰፋች። ልጅህን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ አይደለች? «ስሟ ሲጠራ ከሁሉ በላይ የማጨበጭበው እኔ ነኝ፤ ጮክ አድርጌ ነው» እያለች ሰፈሩን አሰልችታው ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ራሴን ትንሽ አመመኝ ብላ የምትቀር ይመስልሃል?

ነገሩ የሚጀምረው ባለፈው ዓመት ነው። ማተሚያ ቤታችን ለከተማው አስተዳደር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አትሞ ነበር። የትኛው ቢሮ፣ የትኛው ክሊኒክ፣ የትኛው አዳራሽ ለአካል ጉዳተኛ እንደሚመች የምትናገር መምሪያ ናት። ጽሑፉን ያዘጋጀው አንድ ሰዓት ጠጋኝ ነው። በሁለት ክራንች ነው የሚሄደው፤ ከኪሱ ሜትር ስለማይጠፋ ሰው ሁሉ «ባለ ሜትሩ» ይለዋል። ማንም ሳያዘው፣ ሰባት ወር ሙሉ ከሥራው መልስ ከበር በር እየዞረ ደረጃ ቆጥሯል፣ የበር ስፋት ለክቷል፣ ያየውን ሁሉ ደብተሩ ላይ አስፍሯል።

አልዋሽህም፣ ጽሑፉ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ እየጣመኝ ነው ያነበብኩት። ስለ መድኃኒት ቤቱ፣ «በሩ ሰፊ ነው፤ ደፉ ግን አንድ ስንዝር ነው፤ ባለቤቷ ጣውላ አላት፤ ከውጭ ሆናችሁ ተጣሩ፣ ታመጣላችኋለች» ይላል። ስለ ፖስታ ቤቱ፣ «ለዊልቸር የተሠራው ተዳፋት ጥሩ ነበር፤ ግን መሀሉ ላይ የመብራት ምሰሶ ተክለውበታል» ይላል። ስለ አንዱ ክሊኒክ ደግሞ፣ «አሳንሰር አለው፤ ግን አሳንሰሩ ጋ ለመድረስ ስድስት ደረጃ ይወጣል፤ ይህን ያሰበው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ አልታወቀም» ብሎ ጽፏል። ብቻዬን ስስቅ የጎኔ አራሚ ታዘበኝ።

የአስተዳደሩ የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ ግን አልሳቀም። አለቃዬ ቢሮ ተቀምጦ፣ «ይሄ መምሪያ ነው ወይስ ክስ? የከተማዋን ገጽታ የሚያበላሽ ነገር ነው» አለ። የማይገባባቸው ቦታዎች ጭራሽ እንዲወጡ፣ የሚገባባቸው ደግሞ እያንዳንዳቸው በአንድ መስመር እንዲያልቁ፣ «ግን» የምትባል ቃል የትም ቦታ እንዳያይ ነግሮን ሄደ። አለቃዬ ቀይ እስክሪብቶ አቀበለኝ። እኔም የሥራ ነገር ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሰረዝኩ። አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ መሰረዝ ብቻ። የአራሚ ዓይን ክፉ ነው፤ ፊደሉን እንጂ የጻፈውን ሰው አያይም።

የምርቃቱ ሳምንት ሲደርስ ያቺን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ስለ አዳራሹ፣ «ዊልቸር ያስገባል» ትላለች። ለእማዬ ሳነብላት፣ «የልጄ ሥራ!» ብላ መጽሐፏን ተቀብላ ሳመቻት። ለጥንቃቄ ብዬ አዳራሹ ጋ ስልክም ደውዬ ነበር። ያነሳው ዘበኛ፣ «ኧረ ምን ችግር አለው ጌታዬ፣ ያምጧቸው፤ ሰው ሞልቷል» አለኝ። ታውቀናለህ፣ ለሰው «አይሆንም» ማለት ከደጅ መመለስ ይመስለናል። እሺ ይበልጣል ከሺህ እየተባልን ነው ያደግነው። ያን ቀን ግን አንዲት «አይ» ብትነገረኝ ከሺህ እሺ በበለጠችልኝ ነበር።

ታክሲው ፊት ለፊት አወረደን። አሥራ አራት ደረጃ። እማዬ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ መጽሐፏን አውጥቼ እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ ለዘበኛው ዘረጋሁለት። እሱም፣ «ታዲያ እኛ እናስገባ የለ!» አለና ጓደኛውን ጠርቶ ከነዊልቸሯ ብድግ አደረጓት። አምስተኛው ደረጃ ላይ የአንደኛው እጅ አዳለጠው፤ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ጋደል አለ፤ ያ አራት ጊዜ የተለካ ቀሚስ እስከ ጭኗ ተሰበሰበ። ደረጃው ግራና ቀኝ ሰው ሁሉ ለፎቶ ስልኩን ይዞ ቆሟል። እማዬ አልጮኸችም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አውርዱኝ ልጆቼ፤ እንደ ጆንያ ተጭኜ ልጄን አልመርቅም» አለቻቸው።

አወረዷት። ልዘልሽ ብዬ ለመንኳት፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ተንበረከክሁ። እሷ ቀሚሷን ወደ ታች እየጎተተች፣ «አንተ ግባ። አባቷ ሩቅ ነው፣ እኔ ደጅ ቀረሁ፤ አንተ እንኳ አጨብጭብላት» አለችኝ። ገባሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት እኔ ነኝ። ስሟ ሲጠራ ልጅህ መድረኩ ላይ ቆም ብላ በዓይኗ ሁለተኛውን ረድፍ ፈለገች፤ ለአያቷ ብላ ከጠዋት ጀምሮ ያስያዘችው ቦታ ነበር። ባዶ ነው። ከጎኑ እኔን አየች። አጨበጨብኩ። ኋላ መኪና የሚያስቆመው ሰውዬ እንደነገረኝ፣ እማዬ የልጅህን ስም በድምፅ ማጉያ ሰምታ ደረጃው ሥር ብቻዋን አጨብጭባለች። ጮክ አድርጋ ነው አለኝ።

ዝግጅቱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ወንበር የተቆለለበት ጋሪ ከአዳራሹ ጎን ብቅ አለ። ጋሪ ደረጃ አይወርድም፤ ታዲያ ይሄ ከየት ወጣ? ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከወጥ ቤቱ ጎን ሰፊ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደፍ የለውም፤ የውስጡ ወለልና የውጩ ግቢ እኩል ነው። እዚያ ቆሜ ነው የባለ ሜትሩ ጽሑፍ አንድም ሳይጎድል ትዝ ያለኝ፦ «አዳራሽ፤ ፊት ለፊት አሥራ አራት ደረጃ ነው፤ በዚያ አትሞክሩ። ግን በጓሮ፣ ከወጥ ቤቱ ጎን፣ ዕቃ የሚገባበት በር ደፍ የለውም፤ ዊልቸር ያስገባል። ቁልፉ ዕቃ ቤት ጠባቂዋ ጋ ነው፤ ከቀኑ በፊት ደውላችሁ ንገሯት፣ ደግ ሴት ናት።» ከዚህ ሁሉ «አዳራሽ» እና «ዊልቸር ያስገባል» የሚለውን ትቼ ሌላውን በቀይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የቀረው ቃል ሁሉ የራሱ የባለ ሜትሩ ነው፤ አንድም ውሸት የለበትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዕቃ ቤት ጠባቂዋ ቁልፏን ወገቧ ላይ አንጠልጥላ ወንበር ታስቆጥራለች። ለምን ይህን በር አልከፈትሽልንም ብዬ ጮህኩባት፤ ምን አጠፋች? «ማን ነገረኝ ወንድሜ? አንድ ሰው ደውሎልኝ ቢሆን በአንድ እግሬ ቆሜ ነበር የምከፍትላችሁ» አለችኝ። ይህን ስትል ልጅህ የእማዬን ዊልቸር እየገፋች ደረሰች። ሴትየዋ ከቀሚሱ ሥር ብቅ ያለችውን አንዲት ጫማ አየችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከሁላችን የሳቀችው እማዬ ብቻ ናት። ያን ቀን የሳቀችው ያንኑ ብቻ ነው።

በማግስቱ ባለ ሜትሩ ኪዮስክ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ማጉያውን ዓይኑ ላይ እንደሰካ፣ ቀና ሳይል ሰማኝ። ያቺን ቁልፍ ማን እንደሚይዛት ለማወቅ ብቻ ሦስት ቀን መመላለሱን ነገረኝ። ከዚያ፣ «እኔ የጻፍኩትን ስትሰርዝ እናትህ ገና በእግሯ ትሄድ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አይ አልኩት፤ ዊልቸር ላይ ከዋለች ዓመት አልፏት ነበር። ወደ ሰዓቱ ተመለሰ። ቢሰድበኝ በወደድኩ።

አሁን ደግሞ መጽሐፏ ተወዳለች ተብሎ ሁለተኛ ልትታተም ነው። የተሰረዘው ይመለስ ብዬ በጽሑፍ አመለከትኩ። ኃላፊው፣ «እስካሁን አንድም ቅሬታ አልደረሰንም» ብሎ መለሰልን። በምን ይድረሰው? ቅሬታ የሚቀበሉት ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ በደረጃ። እኔም ነገር አበዛህ ተብዬ የሰርግ መጥሪያ አራሚ ሆኛለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሙሽራ ስም ሳቃና እውላለሁ። እሑድ እሑድ ግን ባለ ሜትሩ ዘንድ ተቀምጬ ደብተሩን ከነ«ግን»ኑ እገለብጣለሁ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት የመጀመሪያውን ገጽ በሯ ላይ እንድለጥፍ ፈቅዳልኛለች። ባለ ሜትሩ ይቅር ብሎኛል አልልህም፤ ያለኝ ነገር ቢኖር «ጽሕፈትህ ይነበባል» ብቻ ነው።

እማዬ ግን መውጣት ትታለች። ቀሚሱን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከትታዋለች። ሐኪም ዘንድ ካልሆነ የትም አልሄድም ብላለች። ልጅህ ባለፈው እሑድ ሻይ ልጋብዝሽ፣ በሩ ሰፊ የሆነ ቤት አለ ብትላት፣ ወደ እኔ ዞራ፣ «የተጻፈ ነው ወይስ ያያችሁት?» አለችኝ። ሳትቆጣ ነው የጠየቀችኝ፤ እኔን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ድሮ የእኔን ጽሑፍ ትስም ነበር።

አንተም «ስመጣ በጀርባዬ አዝላታለሁ» ብለሃል። እባክህ ይቅርብህ። እናታችን የሚያዝላት ጀርባ አላጣችም፤ የእኔም ነበረላት። የጠፋው አስቀድሞ በሩን የሚነግራት ሰው ነው፤ ሰውየው ተገኝቶም ነበር፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ስትመጣ ቤት ተከራይተህ ድግስ ልትደግስ ካሰብክ፣ ከሁሉ በፊት ሄጄ የምለካው እኔ ነኝ። ጥፋቴን በዚህ አካክሳለሁ ብዬ አይደለም፤ ሌላ የማውቀው ስለሌለ ነው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ሳሏን ችላ እንዳትል። መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ፤ አጎታችሁ የጥርሳችሁን ቁጥር ይጠይቃል በላቸው። ልጅህ ሥራ ማፈላለግ ጀምራለች፤ ናፍቀኸኛል በልልኝ ብላለች። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችንም ሰላም ብላሃለች። እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አይታኝ፣ «አሟት ነበር ብለህ ጻፍልኝ» ብላኛለች። ይኸው ጽፌያለሁ።

ፖስታው ውስጥ አሥራ ሁለተኛው ፎቶ አለ። እማዬ እንዳይላክ ብላ ነበር፤ ልጅህ ናት ደብቃ የሰጠችኝ። ያነሳችው ዕቃ ቤት ጠባቂዋ ናት። ልጅህ ጋውኗን እንደለበሰች ቆማለች፣ እማዬ በአዲሱ ቀሚሷ ተቀምጣለች፤ ሳቋ ገና ከፊቷ አልጠፋም። አይተህ ስትጨርስ ከኋላቸው የተከፈተውን በር ልብ ብለህ እየው። ወለሉን እየው።

ታናሽ ወንድምህ

ከእማዬ ቤት፣ ከመስኮቷ ሥር
ሐምሌ 21 ቀን