የሞተ ወንድሜን ላሳቀው እድር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ እንዳለው አካለ ወልድ
የዋርካው ሥር መረዳጃ እድር ሊቀ መንበር
ሞጣ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የባለቤትዎ፣ የልጆችዎ፣ በተለይም ደግሞ እድሩ በቅርቡ ገዝቶ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚሰቅለው የትልቁ ቴሌቪዥን ጤና ዘወትር ያሳስበኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከማስተምርበት ከቢቸና ዓርብ ዓርብ እየተነሣሁ በግንደወይን በኩል ሞጣ እናቴ ዘንድ እመላለሳለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ከመስጠት አልፌ በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት፣ ውለታው በሰው ሁሉ ፊት የተዋለ ስለሆነ ምስጋናውም በሰው ሁሉ ፊት ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። ወንድሜ ታዘበው ፋንታ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ሳለ በወባ ሞተ፤ አብረውት የሚሠሩት ልጆች እዚያው ቀበሩት። ለእናታችን ለወይዘሮ ይርጋነሽ መርዶውን የነገራችኋት እናንተ ናችሁ። ጎህ ሳይቀድ ከነፍስ አባቷ ከአባ ገብረ ኪዳን ጋር አምስት ሆናችሁ ደጃፏ ቆማችሁ እንደ ወጉ አረዳችኋት፤ ለዚህ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናችኋለሁ። የልጇን ሬሳ ያላየች እናት ናትና መሞቱን ያመነችው በእናንተ ቃል ብቻ ነበር።

በሣልስቱ ግን የእድሩ ጸሐፊ ምንይሉ፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ፣ ታዘበው ለቀበሌ መታወቂያ የተነሣውን ጉርድ ፎቶግራፍ ወስዶ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሉት ነገር እንዲንቀሳቀስ አደረገና በቴሌቪዥኑ ለለቀስተኛው አሳየ። የሞተው ወንድሜ ዐይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ፤ አንገቱን ወደ ሴቶቹ መቀመጫ አዞረ፤ ከዚያም ሳቀ። ውለታችሁን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ጥርሱ። ታዘበው ከልጅነቱ ጀምሮ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ እንደሆነ፣ በዚህም እያፈረ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናንተ ግን እስከ መንጋጋው ድረስ ነጭ ጥርስ ደርድራችሁለት አፉን ከፍቶ እንዲስቅ አደረጋችሁት። በሕይወት ሳለ ያላገኘውን ሕክምና በሞተ በሳምንቱ ስላደረጋችሁለት ቤተሰቡ ታላቅ ኩራት ተሰምቶታል።

2. ስለ ሳቁ ባለቤት። ሳቁን ከየት እንዳመጣው ምንይሉን ጠይቄው ነበር። ኒውራል ኔትወርክ የሚባል ፕሮግራም እንደሆነ፣ የማያውቃቸውን እልፍ ሰዎች ፊት እያየ እንደተማረ፣ የታዘበውም ፊት እንዴት ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ገምቶ እንደሚሠራ በትሕትና አስረዳኝ። እንግዲህ በልጇ ለቅሶ ላይ እናቴን እያየ የሳቀው ግምት ነው ማለት ነው። አንድ የማናውቀው ሰው ከሉማሜ ተነሥቶ መጥቶ ድንኳናችን ውስጥ ጥርሱን ቢያሳይ የእድሩ ጎረምሶች አንገቱን ይዘው ባስወጡት ነበር። ይህንኛውን ግን ኤሌክትሪክ ስባችሁለት ከካህናቱ በላይ ሰቀላችሁት።

3. ስለ ጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ። እያንዳንዱ አባል ለወደፊቱ እንዲዘጋጅለት ከወዲሁ አንድ ጥራት ያለው ፎቶግራፍ ለጸሐፊው እንዲያስገባ መወሰናችሁን ሰምቼ አርቆ አስተዋይነታችሁን አደንቃለሁ። እኔ አላስገባም። ቅጣት ካለው ይነገረኝ።

4. ስለ እናቴ። እዚህ ላይ ለመቀለድ ሞክሬ አልሆነልኝም። እናቴ ሲንቀሳቀስ የምታየው የሰው ምስል ቢኖር ቤይሩት ያለችው እኅታችን ጸደንያ በስልክ ስትደውል ፊቷን ብቻ ነው። ለእሷ ፎቶግራፍ ውስጥ ዝም ያለ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ዐይኑን የሚያርገበግብ ሰው ግን ደውሎ ነው። ስለዚህ ከፍራሹ ላይ ተነሥታ «ልጄ! አየኝ እኮ፤ ምነው ድምፁን ዘጋችሁብኝ?» ስትል እናንተ ቴሌቪዥኑን በማጥፋት ፈንታ በደንብ እንድታየው ወደ ፊት አስጠጋችኋት፤ ደግማችሁም ከፈታችሁላት።

በማግስቱ ጥቁሯን አወለቀች፤ ዘቅዝቃ የለበሰችውንም ነጠላ መልሳ አቀናች። ጥርሱን ባነሣባት «አስተክሎ ነው፤ ሥራ ቀንቶት» አለችኝ። ከባሕር ዳር የሚመጣው መኪና በሚገባበት ሰዓት መናኸሪያ ወርዳ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች። አባ ገብረ ኪዳን ስለ አርባው ፍትሐት ሊያነጋግሯት ቢመጡ «በቁም ያለ ልጄን እንዳትፈቱብኝ!» ብላ ከደጅ መለሰቻቸው። አርባው የፊታችን እሑድ ነው። ወንድሜ በሰው አገር መቀበሩ ሳያንሰው በአገሩም የሚጸልይለት ሊያጣ ነው።

5. ስለ መፍትሔዎ። ይህን ሁሉ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ስነግርዎ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ሕዝቡ ነገሩን እንደወደደው ገለጹልኝ፤ ለአርባው ደግሞ ምንይሉ ድምፅ ጨምሮበት ታዘበው በገዛ አፉ «እናቴ፣ ሞቻለሁ፤ አታልቅሺ» እንዲላት ታደርጋላችሁ አሉኝ። እኔም ሽማግሌ እንዳልሳደብ ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። ልቤ ከተረጋጋ በኋላ ያሰብሁትን አሁን በጽሑፍ ልበለው፦ ይህ ድንቁርና ነው። ድንቁርናውም የማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑ ልጇን የምትጠብቅ እናት መኖሯን አለማወቁ እንጂ ሌላ ጥፋት አላገኘሁበትም።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ያኔ የመጣችሁት አምስታችሁም መጥታችሁ መርዶውን እንደገና ንገሯት። እኔ ነግሬያታለሁ፤ «አንቺ ቢቸና ተቀምጠሽ ምን ታውቂያለሽ? እድሩ ነው ያሳየኝ» አለችኝ። እሷ የምታምነው እናንተን ነው። ያየችው ልጇን እንዳልሆነ፣ የሠራችሁት እናንተ እንደሆናችሁ፣ ታዘበው መተማ አፈር ውስጥ እንዳለ በራስዎ አፍ ይንገሯት። ምንይሉም አጠገብዎ ይቁም። ቴሌቪዥኑን ግን ያሳርፉት፤ ብዙ ደክሟል።

ሙታንን በማሳቅ ከአካባቢው እድሮች ሁሉ ቀዳሚ ለሆነው አመራርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ የማይነጥፍ ፈጠራ፣ ለምንይሉ ደግሞ ሌላ ሥራ እየተመኘሁ፣ ወግ በሚያዘው አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ንቀት እሰናበታለሁ።

ብሩክታይት ፋንታ
የሟች እኅት

ማስታወሻ፦ ሐሙስ አምስት ሆናችሁ እንደምትመጡ ለእናቴ ነግሬያታለሁ፤ ለምን እንደምትመጡ ለመናገር ግን አቅም አጣሁ። እሷ ታዘበውን ይዛችሁት እንደምትመጡ ገምታለች። ከጎረቤት ለምና ግቢው ውስጥ ስድስት ወንበር ደርድራለች፤ በስድስተኛው ላይ አጥባ ያጠፈችውን ጋቢውን አስቀምጣለች። እዚያኛው ላይ እንዳይቀመጡ አደራ።