ቀይ ያልሆነው ምልክት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለቨርኔታ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለው፣ ደረጃ ትወጪበታለሽ? እማዬስ ጆሮዋ ይሰማል ወይስ ዛሬም ቴሌቪዥኑን ለሠፈሩ ሁሉ ነው የምታሰማው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ንዴቴ ግን ከእኔ የበለጠ ደህና ነው። በስልክ የሸፋፈንኩብሽን የባሌን የአልተንን ነገር አሁን ልንገርሽ።

መቼም እዚህ አገር ስለ መዥገር የማያወራ ነጭ የለም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሄድሊ ማታ ማታ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ የውሻዋን ጆሮ ትፈትሻለች። ውሻው እንኳ መዥገር የሚያመጣውን የላይም በሽታ ክትባት ተከትቧል። ይህን ሁሉ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር ግን፣ ባልሽ ሣር ውስጥ ነው የሚውለው፣ እስቲ ገላውን እዪው ብላኝ አታውቅም። ስለ ጽጌረዳዋ ከሆነ ስታወራኝ ብትውል አይደክማትም።

እኛ ጥቁሮቹም ብንሆን ጉድ ነን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመዥገር ነገር ከተነሳ ሳቅ ነው። አልተን ራሱ «እሱ ለሽርሽር ጫካ የሚገቡ ነጮች በሽታ ነው፤ እኔ ሳይከፈለኝ ጫካ አልገባም» እያለ ዲያቆናቱን ያስቅ ነበር። የሚከፈለው የመቃብር ቦታ ሣር ሊያጭድ ነው፤ መዥገር ደግሞ ሠራተኛና ሽርሽረኛ አይለይም።

በጋው ሲገባ ጎኑ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። የማጨጃው እጀታ መትቶኝ በልዞ ነው አለኝ፤ የእማዬን ቅባት አሸሁለት። ትኩሳቱና የጉልበቱ እብጠት ሲብስበት ክሊኒክ ወሰድኩት። ግድግዳው ላይ የመዥገር ንክሻ ምልክት የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ ነጭ ጭን ላይ ቀይ ክብ። ከሥሩ የተቀመጠው ጎረምሳ ሐኪም ጎኑን ገለጥ አድርጎ አየና፣ ቀይ ነገር የለም፣ ወድቀህ ይሆናል ብሎ የራስ ምታት ኪኒን ሰጠው። የአልተን ቆዳ መቼ ቀልቶ ያውቃል? ያን ያህል ተምሮ ሰው ሁሉ እንደ እሱ የሚቀላ ይመስለዋል።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሲላጭ ግማሽ ፊቱ ሽባ ሆነ። ስትሮክ መስሎኝ ሆስፒታል ይዤው በረርኩ። እዚያ ያየችው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችው ሥራው ምን እንደሆነ ነው። ደሙን አስመረመረች፤ ያው የላይም በሽታ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን ጨርሷል፣ ጉልበቱም ተሽሎታል፤ ፊቱ ግን ገና ነው። ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል ይላሉ። ያ መዝሙር ሲያነሳ ሕዝቡን ከወንበር የሚያስነሳው ሰው፣ ቃሉ በከንፈሩ ጎን እያመለጠው ከኋላ ሄዶ መቀመጥ ጀመረ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያው ክሊኒክ ደወለልኝ። ስለ በሽታው የጥቁሮች ግንዛቤ ዝቅተኛ ሆኖ ስላገኙት አዲስ ሥዕል ሊለጥፉ ነውና የአልተንን ምልክት ፎቶ ቢያነሱ ደስ ይላቸዋል። ግንዛቤያችን ነው ዝቅተኛው፣ ሰማሽልኝ? የደወለችው ልጅ ድምፅዋ ማር ነው። ምልክቱማ ጠፍቷል፣ ፊታችሁ ሲቆም ነበር ማየት አልኳት። አሁን የቀረው ፊቱ ነው፤ ከፈለጋችሁ እሱን አንሱና ከነጩ ጭን አጠገብ ለጥፉት።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለልጆችሽ ሁሉ ናፍቆቴን ንገሪያቸው። ባልሽን ኤልሞርን ሰላም በይልኝና፣ ከአደን ሲመለስ ልብሱን አስወልቀሽ ገላውን እዪው። ቀይ አትፈልጊ፤ በለዝ የሚመስለውን ፈልጊ። ይስቅብሻል፤ ተይው ይሳቅ፣ ሙሉ ፊት ስላለው ነው።

እህትሽ ሎሪን
ፖኪፕሲ፣ ኒው ዮርክ
ሴፕቴምበር 21 ቀን 2014