የልጄን ዳሌ በብሎን ላሰሩልኝ ሐኪም

የተከበሩ የውበት ክሊኒኩ ባለቤትና ዋና ሐኪም፣

እንደምን ሰነበቱ? በተለይ ወገብዎና ዳሌዎ እንደምን አሉ? ያለ ሥቃይ ተቀምጠው ይህን እንዲያነቡ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሽማግሌ ነኝ። የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ጡረተኛዋ አስተማሪ ናት። አንዳንዱን ቃል «ጋሼ፣ ይሄን እንኳ እናለስልሰው» ትለኛለች፤ እንዳለ ጻፊው ብያታለሁ።

ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። ዳሌ ላነሳት ደንበኛ ቀሚሱ ውስጥ ጥጥ ሸጉጣ ዳሌ ታወጣላት ነበር፤ ቀሚሱ ሲወልቅ ጥጡም አብሮ ይወልቃል፣ የሚታመም ሰው የለም። እርስዎ ግን የማይወልቅ ዳሌ አለ አሏት። ሲሊኮኑ ሥጋ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ይንሸራተታል፣ ከአጥንት ጋር በብሎን ከታሰረ ግን ንቅንቅ አይልም ብለው አስረዷት፤ አምናዎት ግራ ቀኙን አሳሰረች። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቃልዎን ስለጠበቁ አመሰግናለሁ። የቀኙ ንቅንቅ አላለም፤ ልጄም ከአልጋዋ ንቅንቅ አትልም።

ሁለተኛ፣ የግራው ላልቶ መግል ሲቋጥር፣ በመንገድ እንዳትንገላታ ስላሰቡላት አመሰግናለሁ። ነርስዎ በስልክ፣ ቆማ የተነሳችው ፎቶ ይላክልን አለች። እኔና እናቷ በብብቷ ደግፈን አቆምናት፣ አስተማሪዋ አነሳቻት። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፦ ቅርጹ በጣም ያምራል፣ እብጠቱ እስኪረጋ ታገሱ። ትኩሳት ፎቶ ላይ አይወጣም መሰለኝ። ሽታም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ በመጨረሻ ተሸክመናት ስንመጣ፣ ብሎኑ ምንም አልሆነም፣ የለቀቀው አጥንቱ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ያጋጥማል ብለው ስላብራሩልን አመሰግናለሁ። ክቡር ሆይ፣ ያ አጥንት የኔ ዘር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ድንጋይ ተሸክሜበታለሁ፣ ለቆኝ አያውቅም። የልጄም እርስዎ እስኪበሱት ድረስ አለቀቃትም ነበር።

አራተኛውን አስተማሪዋ አልጽፍም ብላለች፤ ስድብ ነው።

የትልቁ ሆስፒታል ሐኪም ደግሞ ብሎኑ ቢወጣም ቁስሉ አጥንት ውስጥ ዘልቋል፣ ከእንግዲህ ተቀምጣ ትሠራለች ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ ብሎናል። የስፌት መኪናዋን እንዳታየው ጨርቅ አልብሼው ነበር፤ ጨርቁን አንሱልኝ አለች። በሆዷ ተኝታ ታየዋለች። ካሣ አልለምንዎትም፣ እግር አይሆናትም። ለእኛ ኋላ የነገሩንን ለሚቀጥለው ሰው ሳይበሱት ይንገሩት ልል አሰብኩ፤ እንደማያደርጉት ስለማውቅ ትቼዋለሁ።

ለእጅዎ ብርታት፣ ለበርዎ ሰው አይጥፋ እያልኩ፣ መፈረም ስለማልችል አውራ ጣቴን በቀለም ነክሬ አትሜያለሁ። ይሄ እንኳ አይላላም።

አክባሪዎ፣
የዚያ አጥንት አባት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ለማድረስ ደጃፍዎ ስመጣ የማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ልጄን አየኋትና፣ ይሄን ላስጨምር ወደ አስተማሪዋ ተመለስኩ። ማንበብ ባልችልም ልጄን ለማወቅ ፊደል አያሻኝም። ያቺው ደግፈን አቁመናት የተነሳችው ፎቶ ናት፣ አድጋ ተሰቅላለች። ብብቷ ሥር የነበሩትን የኔንና የእናቷን እጆች ግን አጥፍተዋቸዋል። እባክዎ ይመልሱልን፤ ያለ እነሱ ትወድቃለች።