ከፊት ሮጦ የቀረው

ለውድ እህቴ ለኡምኩልሱም አሕመድኑር፣
ጅዳ

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላህ። እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ቀና ስትዪ ያሠቃይሻል? አሠሪሽስ ልቧ ራራልሽ? እኛ በአላህ ፈቃድ ቆመን እንሄዳለን። አባም፣ እማም፣ ልጅሽ ዘሊካም ደህና ናቸው፤ የዘንድሮው ገብስም ውርጭ ሳይመታው ተርፏል። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ አርብ አርብ ስትደውዪ እማ ከአጠገቤ ስለማትለይ ነው። አሁን ከስፌት መኪናዬ ፊት ቁጭ ብዬ የምጽፈውን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። አንብበሽ አጥፊው።

ነገሩ የወንድማችን የሱፍያን ነው። አዲስ አበባ የሩጫ ክለብ ወሰደው ያልንሽ ውሸት ነው። አባ ናቸው የእማን የደም ግፊት ፈርተው እንዲህ በሉ ያሉን። ልጁ በጅቡቲ በኩል፣ በባሕር፣ አንቺ ወዳለሽበት አገር ነው የወጣው።

የጠዋት ሩጫችንን ነግሬሻለሁ። ሐኪሙ ስኳር አለብህ፣ ተንቀሳቀስ ካለኝ ወዲህ ከነአቶ ቸኮል ማኅበር ገብቼ፣ ከሱብሂ በኋላ በወግዲ መንገድ እንሮጣለን። ከመካከላችን ሜዳሊያ የሚያልም የለም። አቶ ቸኮል ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ብዙአየሁ ወፍጮ ቤት አለው፤ እኔ ደግሞ ተቀምጬ ስሰፋ የምውል ባለ ቦርጭ ነኝ። ገበሬው ሲያየን «ምን ሰርቃችሁ ነው?» እያለ ይስቅብናል። ረመዷን ሲገባ እነአቶ ቸኮል ለእኛ ብለው ያዘግማሉ፣ በሑዳዴ ደግሞ እኛ ለእነሱ።

ሕጋችን አንድ ናት። ከፊት የቀደመ ሰው መታጠፊያው ባሕር ዛፍ ዘንድ ሲደርስ ዞሮ ይመለስና፣ መጨረሻ ያለውን አግኝቶ ከኋላው እየነዳ ያስገባዋል። ከብዙአየሁ ወፍጮ ቤት በር ስንሰበሰብ አቶ ቸኮል «ሞልተናል?» ይላሉ። «ሞልተናል» ሳንል ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ፊተኛው ሁልጊዜ ሱፍያን ነበር፤ መጨረሻው ሁልጊዜ እኔ። ጀርባዬን በመዳፉ እየገፋ «አብሽር አያ ሃሩን፣ ወፍጮ ቤቱ የትም አይሄድ» ይለኝ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት፣ እኔ የሰፋሁለትን አረንጓዴ ቱታ ለብሶ እንደ ልማዱ ከፊት ተፈተለከ። ጭጋግ ነበር። መታጠፊያው ስንደርስ የለም፤ ወደ ኋላም ሲመለስ አላገኘነውም። ማንም አልደነገጠም። ከኋላ ለቀረ ይታሰባል እንጂ ለፊተኛ ማን ያስባል? ብዙአየሁ «ዛሬ ጉልበት ተርፎታል፣ ወግዲ ደርሶ ይመጣል» ብሎ ቀለደና ስቀን ተመለስን። ከወፍጮ ቤቱ በር ቆመን ጠበቅነው። ፀሐይ ወጣች፣ አህያ የጫኑ ሴቶች ሊያስፈጩ መጡ፣ ላባችን ደርቆ ብርዱ ያንቀጠቅጠን ጀመር። ለካ ከመታጠፊያው ማዶ መኪና ቆሞ ይጠብቀው ኖሯል። የሩጫ ልብስ ለብሶ የወጣን ልጅ ወዴት ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ባሕሩን ተሻገርን፣ ከዚህ ወዲያ ተራራውን በእግር ነው አለኝ። «ሌሎቹ ፈርተዋል፤ እኔ ግን ሩጫ ስለለመድኩ አይከብደኝም፣ አብሽር» ብሎ ሳቀ። የእኛ ሩጫ እኮ ለስኳርና ለግፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አይጠራም። በዚያው መንገድ ሄዶ የተመለሰ አንድ የሰፈራችንን ሰው ብጠይቀው መሬት መሬት እያየ «እዚያ ድንበር ላይ ሩጫ አያድንም» አለኝ።

ምን ላድርግ እታለም? እሱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያመጣኝ ነበር፤ እኔ ወደ ፊት ሄጄ የማመጣው በየት በኩል ነው? አባ ከመስገጃቸው አይነሱም። ቀና ብለውም አያዩኝ። አንቺም ያለ ፈቃድ ከደጅ እንደማትወጪ አውቃለሁ። ቢሆንም በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽው ልጅ ነውና፣ አንቺና ጓደኛሽ በዛች የአገራችን ልጆች ስታገኙ ስሙን ጠይቁልኝ።

እማ ሱፍያን ክለብ ገባ ብላ ኮርታልሽ ነበር። ጎረቤት ቴሌቪዥን ላይ ሩጫ በታየ ቁጥር ሄዳ ትቀመጣለች። ዓይኗ ደክሟልና አረንጓዴ የለበሰውን ሁሉ ሱፍያን ነው ትላለች። ዘሊካ «ኧረ እማ፣ ይሄ ኬንያዊ ነው» ስትላት፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ከስቶ ነው» ብላ ትቆጣታለች።

ባለፈው ሰኞ ግን እህል ልታስፈጭ መጥታ ከሩጫ ስንገባ አገኘችን። ልጁ ከሄደ ወዲህ አቶ ቸኮል መጠየቁን ትተውታል፤ ዝም ብለን ነው የምንበተነው። እማ ልማዳችንን ታውቃለችና «መምህር፣ ዛሬ ሞልተናል ወይ አይሉም?» አለቻቸው። አቶ ቸኮል ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። እማ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን፣ በመጨረሻ እኔን። ከዚያ ከበሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ካልሞላችሁማ እኔም እጠብቃለሁ» አለች።

ዱቄቱ ተፈጭቶ ወጣ፣ ተነሺ ብላት እምቢ አለችኝ። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አዲስ አበባው ክለብ አንስታ አታውቅም፤ ቴሌቪዥኑንም ትታዋለች። አልነገርኳትም፣ አልጠየቀችኝም። አርብ ስትደውዪ ምን እንደምትያት አላውቅም። ታላቃችን አንቺ ነሽና አንቺው ፍረጂ።

አባ በዱዓቸው ያስቡሻል። ዘሊካ አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ ጽሕፈቷ ከእኔ ይሻላል፣ ትስምሻለች። ባለቤቴ ፈይዛ ናፍቆቷ ብዙ ነው። አቶ ቸኮልና ብዙአየሁም ሰላም በልልን ብለዋል። እማ «ልጄ፣ ወገብሽን ጠብቂ» ትልሻለች። በዛችን ሳሚልኝ። ከሱፍያን የምጽፍልሽ ሰላምታ የለኝም፤ ካገኘሽው አንቺ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ሃሩን
መካነ ሰላም፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.