ኮቱን ገልብጣችሁ ስቀሉት

ለታላቅ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃውን እሺ አለ ወይስ አሁንም እንዳኮረፈ ነው? ዓይንሽስ? ባለቤትሽ፣ ልጅሽ፣ የልጅ ልጆችሽ፣ ያቺ ሰው የማትወድ ድመትሽ ሳትቀር ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። አብሮኝ የሚኖር አንድ ቁጣ አለ፤ እሱም ደህና ነው። ከላክሽልኝ የመታሰቢያ መጽሔት ጋር ማክሰኞ ዕለት ገባ፣ እስካሁን አልወጣም።

መጽሔቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወረቀቱ ጥሩ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በባቡር ተልከን የተጠለልንበት ትምህርት ቤት አዳራሹን በዳይሬክተሯ ስም ሊሰይም ነው፤ አንቺም ቤቷ ያደግሽ ልጅ ነሽና ንግግር ታደርጊያለሽ። እሰየው። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ግን፣ «ወላጆች ባለመጠየቃቸው አንዳንድ እህትና ወንድሞች በተለያየ ቤት ተመደቡ» ይላል። ባለመጠየቃቸው! ይህን የጻፈው ሰው ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ተደላድሎ ተቀምጦ መሆን አለበት። ይባስ ብሎ እዚያው የታተመው ያንቺ ንግግር የሚጀምረው፣ «እናቴ አብረን እንድንሆን እንኳ ሳታስብ ሰደደችን» ብሎ ነው። እህቴ፣ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

እስቲ አዳራሹን አስታውሺ። አንቺ ዘጠኝ፣ እኔ ስድስት ዓመታችን። ሌሎቹ ልጆች ስማቸው የተጻፈበት ካርቶን በሲባጎ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የእኛ እናት ግን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ልጆቿ እንደ ሻንጣ ካርቶን ደረታቸው ላይ ሲንጠለጠልባቸው ልታይ አልፈለገችም። የልብስ ምልክት የሚሰፋው ኮሌታ ውስጥ ነው ብላ ስማችን ያለበትን ጨርቅ እዚያው ሰፋችው። ጦርነት መጥቶባት እንኳ የሙያዋን ደንብ አልጣሰችም። ስህተቷም ይኸው ነበር። ውጭ የተንጠለጠለ ጽሑፍ ሰው ሁሉ ያነበዋል፤ ውስጥ የተሰፋውን ግን የሚያነበው ልብሱን የያዘ ሰው ብቻ ነው።

ያን ቀን ቅማል እንዳይገባ ተብሎ ኮቶቻችንን ዳይሬክተሯ ሰብስባ ወሰደች። በማግስቱ ጠዋት ታጥነው፣ ታጥፈው ተመለሱልን። ወዲያው፣ ልጅቷ ከእኔ ጋር፣ ልጁ ከተማው ዳር ካለው ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ጋር ብላ አነበበች። አንቺ ስታለቅሺ፣ «እናታችሁ እኮ ምንም አላለችም፣ የኔ ልጅ» አለችሽ። እኔ ቀበቶሽን ይዤ አልለቅም አልኩ፤ ሲጎትቱኝ ቀበቶሽ አብሮኝ መጣ። አራት ዓመት ሙሉ የሴት ቀበቶ ታጥቄ ነው የኖርኩት፤ ሽማግሌውም ነውር ነው ብሎኝ አያውቅም።

ጦርነቱ አልቆ እማዬ ልትወስደን ስትመጣ፣ «አይለያዩ ብዬ ጽፌያለሁ፣ ኮሌታው ውስጥ ነው» አለች። አንቺም፣ «ኮሌታዬ ላይ ስሜ ብቻ ነው የነበረው» አልሻት። ያንቺ ኮት ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል፣ የእኔ ሽማግሌው ቤት ቀርቷል፤ በምን ታሳይሽ? ከዚያ ወዲያ «እማዬ» ብለሽ ጠርተሻት አታውቂም፤ «ሴትዮዋ» ሆና ቀረች። ሽማግሌው ሲሞት ሴት ልጁ ኮቴን በፖስታ ላከችልኝ። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ኮሌታውን አየሁት፤ ስሜ ብቻ። እኔም በልቤ ዋሽታለች አልኩና ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ስሰደድም ይዤው ወጣሁ።

ለአዳራሹ ምረቃ ኤግዚቢሽን ኮቱን ላክልኝ ስትዪኝ እጅጌውን ብል በልቶት ስላገኘሁት ልጠግነው ወደምሠራበት ላውንደሪ ወሰድኩት። የላውንደሪው ልብስ ተኳሽ፣ «እሳቷ» የምንላት፣ ኮሌታውን ገለጥ አድርጋ፣ «ይህን ጨርቅ ያጠፈው ማን አናጢ ነው?» አለች። ከላይ ያለው ስፌት ደቃቅ ነው፣ የእናቴ ነው። ከታች ግን ጨርቁ ለሁለት ታጥፎ በሌላ ክር ተይዟል። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ልብስ ስገለብጥ የኖርኩ ሰውዬ የራሴን ኮት በጣቴ እንኳ አልዳሰስኩም። ኮሌታውን ደጋግሜ ስዳስስ መተርተሪያውን እጄ ላይ ጣል አድርጋ፣ «በል እንጂ፣ ወይስ ለራስህም ቀጠሮ ትሰጣለህ?» አለችኝ።

ተረተርኩት። እጥፉ ውስጥ በቀይ ክር፣ ፊደሉ አንድ በአንድ ተሰፍቶ፣ «እህትና ወንድም ናቸው። እባካችሁ አይለያዩ» ይላል።

እጥፉን የያዘው ክር በሰም የታሸ ጥቁር ክር ነው። በዚህ ክር ልብስ የሚሰፋ ሰው የለም፤ ደብተር ነው የሚሰፋበት። ቋጠሮውም ሁለቴ ተጠምዝዞ በራሱ ሥር ያልፋል። ታውቂዋለሽ። ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ «ይህ የዳይሬክተሯ ቋጠሮ ነው» ብለሽ፣ ኮራ ብለሽ።

ቆርጣ ብትጥለው ኖሮ አንድ ነገር ነው። ጨዋ ናትና አጠፈችው! እናታችን ጨርሳ ጻፈች፣ ዳይሬክተሯ ጨርሳ አነበበች፣ ከዚያ አልጠየቀችም ተባለ። ያበላችሽን፣ ያስተማረችሽን አልክድም፤ አትውደጃት ብዬም አላዝሽም። አዳራሹንም ይሰይሙላት፣ ጣሪያው እስካላፈሰሰ ድረስ እኔ ምን ገዶኝ። ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር ከአፍሽ አታውጫት። እናታችን አሰበች፤ ያውም በቀይ ክር።

ኮቱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እጅጌውን ጠግኜዋለሁ፤ ጥቁሩን ክር ግን በአንድ ጫፉ እንዳለ ተውኩት፣ ቋጠሮውን በዓይንሽ እንድታዪው። ለኮሚቴው ንገሪልኝ፦ በፊቱ አይሰቀልም። ገልብጣችሁ ስቀሉት።

ሰዓት ጠጋኙን ባለቤትሽን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ የላከልኝ ሰዓት አሁንም በራሱ ሐሳብ ነው የሚሄደው። ነርሷን ልጅሽን ሳሚልኝ። ሁለቱን የልጅ ልጆችሽንም፣ በተለይ ጥርሱ የወለቀውን፣ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ድመቷን አልስማትም፤ እሷም አትፈልግም።

እማዬ መቃብር ስትሄጂ ደግሞ፣ ተገኝቷል በያት። «ሴትዮዋ» ብለሽ አይደለም፤ «እማዬ» ብለሽ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከላውንደሪው ምድር ቤት፣ ከመጠገኛው ክፍል
ጥቅምት 19 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ