በሥራ ሰዓት ስለተከለከለው «ይማርሽ»

ለተከበሩ ወይዘሮ ሳሪት፣ የሰላጣ ማሸጊያ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፤
ናታንያ፣ እስራኤል

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? አፍንጫዎ ደህና ነው? ዓይንዎስ አያሳክክዎትም? እኔ የኪርያት ኖርዳው ሰፈር ነዋሪና የእርስዎ ሰላጣ አሻጊ ታሪኳ፣ ወይራው ካበበ ወዲህ ደህና አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ እርስዎ በማያነቡት በአማርኛ የጻፍኩት ውድ የሥራ ሰዓትዎ በንባብ እንዳይባክን አስቤ ነው፤ ሌላው ሰው ግን ያንብበው።

አንደኛ፣ ለግቢው ውበት ሲሉ በራችን ላይ ስላስተከሏቸው የወይራ ዛፎች ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዶችዎ ፎቶ ይነሡባቸዋል፤ እኛ ደግሞ ብናኛቸውን እንስባለን። ባስነጠሰኝ ቁጥር መስመሩ ይቆማል፣ ጓንት እቀይራለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ፣ ሰላጣውም ቆሞ ይጠብቀኛል። ምርት መቀነሱን አልክድም።

ሁለተኛ፣ የጤና መድናችን የኩፓት ሆሊም ሐኪም ያዘዘልኝን ክኒን ስውጥ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ሳልውጥ ያስነጥሰኛል። እርስዎ በቸርነትዎ ሁለቱንም ከልክለውኛል። እንግዲህ ምን ልሁንልዎት?

ሦስተኛው ግን የሚያንገበግበኝ ነው። እኛ ሰው ሲያስነጥሰው «ይማርሽ» እንላለን፣ የተባለችውም «ያኑርሽ» ብላ ትመልሳለች፤ እንዲህ ነው ያደግነው። እርስዎ የአለርጂው ወቅት በምርት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ባለሙያ ቀጥረው አስጠንተው፣ ጥፋተኛው ዛፉ ሳይሆን ምርቃታችን መሆኑን ስለደረሱበት፣ በሥራ ሰዓት መመራረቅ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ በአማርኛ አስለጠፉ። ወይ ጉድ! የማሽኑ የአደጋ መመሪያ በአማርኛ ይጻፍልን ብለን ዓመታት ስንለምን ተርጓሚ የለም ተብለን ነበርና፣ ተርጓሚው በመገኘቱ እንኳን ደስ አለዎት።

ማስታወቂያውም ሠርቷል። ባለፈው ሳምንት ደጋግሞ ሲያስነጥሰኝ፣ አጠገቤ የምትሠራው ዓይናዲስ፣ የደጄ ጎረቤት፣ ልጄን ስወልድ ያረሰችኝ ሴት፣ አቀርቅራ ሰላጣዋን አሸገች። አልፈርድባትም፣ የእንጀራ ነገር ሆኖባት ነው። የመስመራችን ኃላፊ ኢዶ እንባዬን አይቶ በመዝገቡ ላይ «አለርጂ» ብሎ ጻፈልኝ። አለርጂ አልነበረም፤ እያለቀስኩ ነበር።

አሁን ደግሞ ለእሑድ ሺሙዓ ጠርተውኛል፤ ሰው ከመባረሩ በፊት «እስቲ እንስማሽ» የሚባልበት ስብሰባ ማለት ነው። ውሳኔው ከወዲሁ ተጽፎ ማደሩን አላጣሁትም፤ ቢሆንም ለወጉ ለባብሼ እመጣለሁ። እኔ እሄዳለሁ፣ ወይራው ይቀራል።

ለምርትዎ ዕድገት ትንፋሿን ውጣ የምትጸልይ፣ እስከ እሑድ ድረስ ብቻ ታዛዥዎ የሆነች፣
ታሪኳ

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ዕለት ሥራ ጨርሼ ስወጣ በቢሮዎ መስኮት በኩል እርስዎንም ሲያስነጥስዎ ሰማሁ። ጸሐፊዎም፣ ኢዶም፣ አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም፤ ትእዛዝዎ ተከብሯል። እኔ ግን ከበር ወጥቼ፣ ከወይራው ሥር ቆሜ፣ «ይማርዎ» ብያለሁ። በራሴ ሰዓት ነው።